አሮጌና አዲስ ኮምፒውተር በአንድ ፕሪንተር፦ የዊንዶውስ ሼሪንግ ሲገመገም

ከዊንዶውስ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚመጣው የፋይልና የፕሪንተር ሼሪንግ፣ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ዊንዶው በጫነበት ቢሮ ብዙም አያስቸግርም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተር ይሰካል፣ ሌሎቹ በስዊች ወይም በራውተር በኩል ያትማሉ፣ የጋራ ፎልደርም ይከፈታል። ሰርቨር አይገዛም። ጣጣው የሚጀምረው ሂሳብ ክፍል ያለው ማሽን ዊንዶውስ 7፣ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11፣ መጋዘን ያለው ደግሞ ገና ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ድብልቅ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ዊንዶውስ 7 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ዊንዶው ለጫኑ፣ እስከ አሥር ለሚደርሱ ማሽኖች ሼሪንጉ ዛሬም ያዋጣል። አንዴ በሥርዓቱ ከተተከለ ለወራት አይነካም። ኤክስፒ ሲገባበት ግን አያዋጣም። ማሠራት ይቻላል፣ ግን እሱን ለማሠራት የሚከፈተው በር ለሌቦችም ይከፈታል።

ኤክስፒ ለምን ይወጣል

ማሽኖቹ ፋይል የሚቀባበሉበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ሁለተኛውን ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ 7 2.1ን፣ ዊንዶውስ 8 3.0ን፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ 3.1.1ን። ሁለት ማሽኖች ሲገናኙ ሁለቱም ከሚያውቁት በከፍተኛው ይስማማሉ። ስለዚህ 7 እና 11 በ2.1 ይግባባሉ። ኤክስፒና 11 ግን የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አካባቢ ከወጣው የዊንዶውስ 10 1709 እትም ጀምሮ ማይክሮሶፍት ኤስኤምቢ 1ን ከአዲስ ጭነት ማውጣት ጀምሯል።

ያወጣበት ምክንያት አለው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን የዘለለው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነበር። በኢንተርኔት ላይ «ኤክስፒን ከ10 ጋር ማገናኘት» ተብለው የሚቀርቡት መመሪያዎች ግን አብዛኞቹ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ ገብታችሁ ኤስኤምቢ 1ን ምረጡ ይላሉ። ይሠራል፣ ይህን አንክድም። የሚከፈተው ግን በአዲሱና በደህናው ማሽን ላይ ነው፤ ለአንድ አሮጌ ማሽን ሲባል የቢሮው ሁሉ ጥበቃ ይወርዳል። የኤክስፒ ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። የኤክስፒው ማሽን የግድ ካስፈለገ ሼሪንግን ሳይነኩ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ማወቅ

ሼሪንግ እምቢ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለውን ፋየርዎል ወደማጥፋት ነው። አንዳንዴ ይሳካል፣ ግን በሽታው ሳይታወቅ ይቀራል፣ ማሽኑም ክፍት ሆኖ ያድራል። ፕሪንተሩ የተሰካበትን ወይም ፎልደሩ ያለበትን ማሽን አስተናጋጅ፣ ሌላውን ተጠቃሚ እንበልና ከታች ወደ ላይ እንፈትሽ።

በአስተናጋጁ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። የሚወጣው አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ማሽኑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን፣ የስዊቹን መብራትና የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ተመልከቱ፤ ይህ ሳይስተካከል ሌላ ነገር መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። አድራሻው ለምሳሌ 192.168.1.20 ከሆነ የተጠቃሚውም አድራሻ በ192.168.1 መጀመር አለበት።

በ192.168.0 ከጀመረ ደግሞ ሁለት ራውተር ፈልጉ። ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ቢሮው ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የመጣ ራውተር አለው፤ ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ አልዘልቅ ሲል ሌላ ራውተር ይገዛና ከመጀመሪያው የመጣው ኬብል «ዋን» በሚለው ቀዳዳ ይሰካል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ራውተር የራሱን ሰፈር ያጥራል። ኢንተርኔት በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። ከሁለተኛው ሥር ያለው ላፕቶፕ በመጀመሪያው ሥር ያለውን ማሽን በአይፒ ቁጥር ሊያገኘው ይችላል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ግን መንገድ የለም፣ በስምም አይተያዩም። ለማስተካከል በመጀመሪያ ወደ ሁለተኛው ራውተር ገጽ ገብታችሁ የራሱን አድራሻ ሌላ ዕቃ ወዳልያዘው ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.2 ቀይሩ፣ ለማሽኖች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጥፉ፣ ከዚያ ኬብሉን ከ«ዋን» ነቅላችሁ «ላን» ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ኬብሉን አስቀድማችሁ ካዞራችሁ ሁለት ዲኤችሲፒ በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ማደል ይጀምሩና ቢሮው ሁሉ ይታወካል። ላፕቶፑ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም ያው ነው፤ የእንግዳ ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

አድራሻው ከተስተካከለ ከተጠቃሚው ማሽን የአስተናጋጁን ቁጥር ፒንግ አድርጉ፤ ማለትም ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ping ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከመለሰ መንገዱ ክፍት ነው። አለመመለሱ ግን ብቻውን ኬብል ተበላሽቷል አያሰኝም፤ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ የተመደበበት ዊንዶው ለፒንግ መልስ አይሰጥም። ቀጥሎ የዊንዶው ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑና \\192.168.1.20 ጽፋችሁ አስገቡ። የሼር ዝርዝሩ ከተከፈተ በቁጥር ይሠራል፣ የቀረው የስም ጉዳይ ነው። ስምና ፓስወርድ ከጠየቀ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አካውንት ላይ ነው። መንገዱ አልተገኘም ካለ ፋየርዎሉን ወይም የኤስኤምቢውን ስሪት ተጠራጠሩ። ይህች አንድ ሙከራ የግማሽ ቀን ሥራ ትቆጥባለች።

አንድ ነገር እንጨምር። ኤክስፕሎረር ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለው መስኮት ባዶ መሆኑ ሼሪንግ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የድሮው የማሽን ዝርዝር በኤስኤምቢ 1 ላይ የቆመ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ዝርዝሩም አብሮ ጠፋ። አሁን ማሽኖችን የሚያሳየው «ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የሚባለው ሰርቪስ ነው። ሰርቪሶች ውስጥ ገብታችሁ በአስተናጋጁ ላይ ወደ «ኦቶማቲክ፣ ዲሌይድ ስታርት» ብትቀይሩት ይታያል። ባይታይም አድራሻውን በእጅ ጽፎ አንዴ ሾርትከት ማውጣት ይበቃል፤ ለመታየት ሲባል ብቻ ሰዓት መፍጀት አያስፈልግም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ማንም የነካው ነገር የለም፤ መብራት ጠፍቶ መጥቷል። ራውተሩ ሲነሳ አስተናጋጁ ከ192.168.1.20 ወደ 192.168.1.23 ሊዛወር ይችላል፤ ተጠቃሚዎቹ ግን አሁንም 20ን ያንኳኳሉ። ራውተሩ ውስጥ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» በሚለው በኩል የአስተናጋጁን ቁጥር ቆልፉት፣ ወይም ከቁጥር ይልቅ በኮምፒውተሩ ስም ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ነገር ራውተር ሲቀየር የሚመጣ ነው። ዊንዶው አዲሱን ራውተር እንደ አዲስ ኔትወርክ ያየውና «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል፤ የሼሪንግ በሮች በሙሉ ይዘጋሉ። በ10 እና በ11 ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርኩን ከፍታችሁ «ፕራይቬት» አድርጉ፤ በ7 «ዎርክ» ወይም «ሆም» ነው። ከዚያ «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» ውስጥ ኔትወርክ ዲስከቨሪንና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን አብሩ። ፋየርዎል ማጥፋት አያስፈልግም፤ ዊንዶው ራሱ የሚያስፈልጉትን በሮች (ፖርቶች) ብቻ ይከፍታል። ዋናው ቲሲፒ 445 ነው፤ ለአሮጌው መንገድ ቲሲፒ 139 እና ዩዲፒ 137 እና 138 ይጨመራሉ። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ከተጫነ ግን እነዚህን ቁጥሮች እዚያም ውስጥ መፍቀድ ግድ ነው።

አስተናጋጁ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» አድርጉት፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ጉዳት የለውም። ሌላው የአሮጌ ማሽን በሽታ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር2032 የሚባለው፣ ሲሞት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በሁለቱ ማሽኖች ሰዓት መካከል ሰፊ ልዩነት ሲኖር ደግሞ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ መግባት ሊከለከል ይችላል። ባትሪው ርካሽ ነው፤ ከሶፍትዌር በፊት እሱን ቀይሩ።

ስም፣ ጎስትና ፓስወርድ

አንድ ማሽን ላይ ዊንዶው ከነፕሮግራሙ ተጭኖ በጎስት፣ ማለትም ሙሉ ዲስክ በሚገለብጥ ፕሮግራም፣ ወደ አሥር ማሽን የሚገለበጥበት አሠራር በኮምፒውተር ሱቆች የተለመደ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን አሥሩም አንድ ስም ይዘው ይወጣሉ፤ ኔትወርክ ላይ ሲገናኙም የተደገመ ስም አለ የሚል መልእክት ይመጣል። ስማቸውን ለያዩ፤ ከ15 ፊደል አይብለጥ፣ ክፍተት አይኑርበት፣ በላቲን ፊደል ይሁን። ከስሙ ሥር የተደበቀ ሌላ ድግግሞሽም አለ፤ ኤስአይዲ የሚባለው የማሽኑ መለያ። ለዓመታት ይህ ድግግሞሽ በሼሪንግ ላይ ችግር አያመጣም ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ 11 24ኤች2 እና 25ኤች2 እትሞች ዝማኔዎች ግን አንድ ዓይነት ኤስአይዲ ያላቸው ማሽኖች እርስ በርስ ሲገቡ ይከለከላሉ። ፓስወርዱ ትክክል፣ ኔትወርኩ ትክክል፣ ሁለቱም ማሽኖች ከአንድ ጎስት የወጡ ከሆኑ መንስኤው ይኸው ሊሆን ይችላል። ስም መቀየር አያድንም፤ ሲስፕረፕ በሚባለው መሣሪያ ተዘጋጅቶ እንደገና መገልበጥ ወይም ከአንዱ ላይ ዊንዶውን እንደ አዲስ መጫን ነው ያለው።

በፓስወርድ በኩል ብዙዎችን የሚያስተው ፒን ነው። ላፕቶፑን ለመክፈት የምትጽፉት አራት አሃዝ በኔትወርክ ላይ ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው የአካውንቱ ዋና ፓስወርድ ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም በኔትወርክ በኩል አይገባም፤ ዊንዶው ባዶ ፓስወርድን የሚቀበለው ማሽኑ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

«ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» የሚለውን አጥፍቶ ሁሉንም በእንግዳ አካውንት ማስገባት የድሮ አቋራጭ ነበር። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 ጀምሮ በእንግዳ አልገባም ይላል፤ መልእክቱም «የድርጅታችሁ የደኅንነት ፖሊሲ ከልክሏል» የሚል ስለሆነ አለቃ በሌለበት ቢሮ ሰው ግራ ይጋባል። አቋራጩን ተዉት። በአስተናጋጁ ላይ ለሼሪንግ ብቻ የሚሆን አንድ አካውንት ክፈቱ። «ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» ውስጥ ስትከፍቱ ሁለት ምልክት አትርሱ፤ በሚቀጥለው መግቢያ ፓስወርድ ይቀየር የሚለውን አንሱ፣ ፓስወርዱ አያልቅም የሚለውን አድርጉ። የመጀመሪያው ካልተነሳ ከሌላ ማሽን መግባት አይቻልም። ሁለተኛው ካልተደረገ ፓስወርዱ በ42 ቀን ያልቅና በወር ከምናምን አንድ ጠዋት ሁሉም ማሽን ይቆለፋል።

ከዚያ በየተጠቃሚው ማሽን ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ክሬደንሻል ማኔጀርን ክፈቱና በ«ዊንዶውስ ክሬደንሻል» ሥር የአስተናጋጁን ስም፣ አካውንቱንና ፓስወርዱን መዝግቡ። አካውንቱን ስትጽፉ የአስተናጋጁን ስም፣ አንድ \ ምልክት፣ ከዚያ የአካውንቱን ስም አድርጉ፤ አለበለዚያ ዊንዶው አካውንቱን ራሱ ላይ ይፈልገዋል። እዚያው አሮጌ የተሳሳተ ፓስወርድ ተመዝግቦ ከቆየ አጥፉት። ትክክለኛውን ደጋግሞ እየጻፈ እምቢ የሚለውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥለው ይህ የተረሳ መዝገብ ነው።

ገብታችሁ ፎልደሩ «መብት የለህም» ካለ ሁለት በር እንዳለ አስታውሱ። አንዱ «ሼሪንግ» ታብ ውስጥ ያለው ፐርሚሽን፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» ታብ ውስጥ ያለው ነው፤ ከሁለቱ የሚያጠብቀው ያሸንፋል። የሚቀለው በሼሪንግ በኩል ለከፈታችሁት አካውንት ሙሉ መብት ሰጥቶ ገደቡን በሴኩሪቲ ታብ ብቻ መወሰን ነው። «ሆም ግሩፕ» የሚል ነገር በአሮጌ መመሪያ ላይ ካያችሁ እለፉት፤ ከዊንዶውስ 10 1803 ጀምሮ ተወግዷል።

ፕሪንተሩ፦ ደካማው ጎን

ፎልደሩ እየተከፈተ ፕሪንተሩ ብቻ እምቢ ማለቱ የዚህ ሼሪንግ ትልቁ ድክመት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት የተገኘው ፕሪንትናይትሜር የሚባል ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን ሲደፍን ከአስተናጋጅ ወደ ተጠቃሚ ድራይቨር በራሱ የሚወርድበትን መንገድ አጠበበው፤ ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮ ለዚህ የአድሚን መብት ያስፈልጋል። በሴፕቴምበር በመጣው ዝማኔ ደግሞ አስተናጋጁ ከተጠቃሚው የተመሰጠረ ግንኙነት ካልቀረበለት አይቀበልም። ያልዘመነ ዊንዶውስ 7 ወደ ዘመነ ዊንዶውስ 10 ሲያትም መጨረሻው 11ቢ የሆነው ስህተት የሚመጣው በዚህ ነው። ዊንዶውስ 11 ከ22ኤች2 ጀምሮ ለማተም የሚጠቀምበትን የግንኙነት መንገድ ስለቀየረ ከአሮጌ አስተናጋጅ ጋር 709 የሚል ስህተት ማየትም የተለመደ ነው።

ለ11ቢ የሚሰጠው ዝነኛ መድኃኒት የአስተናጋጁ ሬጂስትሪ (ዊንዶው ማስተካከያዎቹን የሚያኖርበት መዝገብ) ውስጥ ገብቶ ምስጠራውን ማጥፋት ነው። አንመክረውም፤ ቀዳዳውን መልሶ መክፈት ነው። ዝማኔውን ማራገፍም የሚያገለግለው ቀጣዩ ዝማኔ እስኪመጣ ብቻ ነው። ከሁለቱም የሚሻለው የሎካል ፖርት ዘዴ ነው፤ 11ቢንም 709ንም አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል።

እንዲህ ነው። በአስተናጋጁ ላይ የፕሪንተሩን የሼር ስም አጭርና ክፍተት የሌለው አድርጉት። በተጠቃሚው ላይ የአስተናጋጁን ፓስወርድ ከላይ እንዳልነው መዝግቡ፣ የፕሪንተሩንም ትክክለኛ ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ አዘጋጁ። ፕሪንተር ጨምር ካላችሁ በኋላ የምፈልገው አልተዘረዘረም የሚለውን፣ ቀጥሎ በእጅ አስገብቼ ሎካል ፕሪንተር እጨምራለሁ የሚለውን ምረጡ። አዲስ ፖርት ፍጠር በሚለው ሥር «ሎካል ፖርት» ይዛችሁ የፖርቱን ስም ሲጠይቅ ሁለት \፣ የአስተናጋጁን ስም፣ አንድ \፣ የፕሪንተሩን የሼር ስም ጻፉ። ከዚያ ድራይቨሩን ምረጡና የሙከራ ገጽ አትሙ።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። በተለመደው መንገድ ተጠቃሚው ከአስተናጋጁ የማተሚያ ሰርቪስ ጋር ይነጋገራል፤ እንቅፋቶቹ ሁሉ ያሉት በዚያ ንግግር ላይ ነው። በሎካል ፖርት ግን ሥራው ተጠቃሚው ላይ ተዘጋጅቶ እንደ ፋይል በኤስኤምቢ ይላካል፤ ድራይቨርም ከአስተናጋጁ አይወርድም። አስተናጋጁ 32 ቢት፣ ተጠቃሚው 64 ቢት ሲሆንም ያድናል፤ የተለመደው መንገድ በአስተናጋጁ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ውስጥ የ64 ቢት ድራይቨር ጨምሩ ይላል፣ አሮጌ ድራይቨሮች ግን ብዙውን ጊዜ አይገቡም። ጉድለቱ፣ ወረቀት አለቀ ወይም ቶነር አነሰ የሚል መልእክት ለተጠቃሚው አይደርሰውም። ከኮምፒውተሩ ጋር በሁለት አቅጣጫ መነጋገር በሚፈልጉት እንደ ኤልቢፒ2900 ባሉ የካኖን ካፕት ፕሪንተሮች ላይም አስተማማኝ አይደለም።

ኔትወርኩ ሁሉ ደህና ሆኖ ሥራው ወረፋ ላይ ከተንጠለጠለ ሁለት ነገር እዩ። ጽዳት ሲደረግ የፕሪንተሩ ዩኤስቢ ተነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ከተሰካ ዊንዶው «ኮፒ 1» የሚል ሁለተኛ ፕሪንተር ሊፈጥር ይችላል፤ ሼር የተደረገው ግን የመጀመሪያው ነው፣ አሁን ምንም ያልተሰካበት። ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መልሱት። ሌላው የተበላሸ ሥራ ወረፋውን ዘግቶት ነው። ሰርቪሶች ውስጥ የማተሚያ ወረፋውን የሚይዘውን ፕሪንት ስፑለር አቁሙ፣ ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ፣ ሰርቪሱን መልሳችሁ አስነሱ። ፎልደሩን ራሱን ግን እንዳታጠፉት። ለሌዘር ፕሪንተር ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አትስጡ፤ ማሞቂያው ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱ ይወድቅና አስተናጋጁን ይዞት ይጠፋል።

ፋይል በኩል፦ ፍጥነትና ፒችትሪ

የፋይል ሼሪንጉ ከፕሪንተሩ ይልቅ የታመነ ነው። አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች በሰከንድ 11 ወይም 12 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ አንድ ጊጋባይት ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ ተኩል መውሰዱ ጤነኛ ነው። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ከሆነ ግን የኬብሉን ጫፍ አጥብቃችሁ ጠርጥሩ። የተጠቃሚ ብዛት ላይ ገደብ አለ፤ ኤክስፒ ሆም 5፣ ኤክስፒ ፕሮ 10፣ ዊንዶውስ 7 እና 10 ደግሞ 20 ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይፈቅዳሉ። የአማርኛ የፋይል ስም በኤክስፒ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ቢታይ ፋይሉ አልተበላሸም፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ኒያላ ፎንት ከዊንዶው ጋር መምጣት የጀመረው በቪስታ ነው።

በኢትዮጵያ ሂሳብ ክፍሎች ሼሪንግ ሲባል ብዙውን ጊዜ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ማለት ነው፣ እሱም የራሱ ጠባይ አለው። ዳታው የሚቀመጠው ፐርቬሲቭ የሚባለው የዳታቤዝ ሞተር በሚሮጥበት አስተናጋጅ ላይ ነው። በየማሽኑ ፎልደሩን «ማፕ» ስታደርጉ ለሁሉም አንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል ስጡ፣ አካውንቱም የመጻፍ መብት ይኑረው። የወርድ ፋይል ከዚያው ፎልደር እየተከፈተ ፒችትሪ ብቻ እምቢ ካለ ሼሪንጉን አትውቀሱ፤ ፐርቬሲቭ የሚጠቀምባቸው ቲሲፒ 3351 እና 1583 በአስተናጋጁ ፋየርዎል ተዘግተው ሊሆን ይችላል። ፒችትሪን በዋይፋይ ማሠራት ደግሞ በእሳት መጫወት ነው፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ኬብል ዘርጉ።

ኤክስፒው ማሽንና አማራጮቹ

ለኤክስፒ ማሽን የሚሻለው ሼሪንግን ሙሉ በሙሉ የሚያልፍ ፕሪንተር ነው። የራሱ የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ፕሪንተር፣ ለምሳሌ ኤችፒ ፒ2055ዲኤን፣ በቀጥታ ስዊች ላይ ይሰካል። ከኤክስፒ እስከ 11 ሁሉም «ስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ ፖርት» ፈጥረው በ9100 ቁጥር ያትሙበታል፤ ኤስኤምቢ 1 አይነካም፣ አስተናጋጅ ማሽን ማብራትም አያስፈልግም። የፕሪንተሩን አይፒ ቆልፉት። ፕሪንተሩ ኦፍላይን የሚል መልእክት ይዞ ከቆመ የፖርቱ ማስተካከያ ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ» የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አገልግሎት ላይ የዋለ ፕሪንተር ስትገዙ በሞዴሉ መጨረሻ ላይ «ኤን» ፊደል መኖሩን እዩ፤ ከዋጋው ትንሽ ከፍ ማለት በኋላ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ይመልሳል።

ዩኤስቢ ብቻ ያለውን ፕሪንተር ወደ ኔትወርክ የሚያወጣው ትንሿ ፕሪንት ሰርቨር ጥሩ ዕቃ ናት፣ ግን ከሁሉም ፕሪንተር ጋር አትስማማም። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በተነሳ ቁጥር ፈርምዌሩን (የሚሠራበትን ውስጣዊ ፕሮግራም) ከኮምፒውተሩ መቀበል ይፈልጋል። በተራ ፕሪንት ሰርቨር ላይ ሲሰካ ፈርምዌሩን የሚልክለት ስለሌለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የካኖን ኤልቢፒ2900 እና ኤልቢፒ6000ም በካፕት ምክንያት ተመሳሳይ ዕጣ አላቸው። በየቢሮው ያሉት ደግሞ በብዛት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሰርቨሯ አምራች ያወጣው የፕሪንተር ዝርዝር ውስጥ ሞዴላችሁ በስሙ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ብሩን አስቀምጡና ፕሪንተሩን አዲሱና ሁልጊዜ የሚበራው ማሽን ላይ ሰኩት።

ከኤክስፒው ፋይል ማምጣት ካስፈለገ በአዲሱ ማሽን ላይ ትንሽ የኤፍቲፒ (ያለ ኤስኤምቢ ፋይል የሚተላለፍበት ሌላ መንገድ) ሰርቨር፣ ለምሳሌ ፋይልዚላ ሰርቨር፣ ጭናችሁ ኤክስፒው ወደዚያ እንዲያስገባ አድርጉ። ኤፍቲፒ ስለማይመሰጠር በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ይቆይ፣ ፓስወርዱም ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ይሁን፣ ለኤክስፒውም በራውተሩ በኩል የኢንተርኔት መንገዱን ዝጉበት።